«የለም» ስንት ሰዓት ይቆያል

ከተማው ሲነቃ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። መስኮት ከፍታ አይደለም፤ ስክሪኗን አይታ ነው። ሰው ገና አንድ ዓይኑን ሳይገልጥ ስልኩን አንስቶ የአየር ሁኔታው ገጽ የት ነው፣ የኳሱ የት ነው፣ የፋርማሲው የት ነው ይላል። ማለቱን እንኳ አያውቅም። ጥያቄው ግን ተንሳፍፎ የሚመጣው እሷ ወደምትጠብቀው ማሽን ነው። ማሽኑ ስም ተቀብሎ አድራሻ ይመልሳል፤ የማያውቀውን ሩቅ ያሉ ማሽኖችን ጠይቆ ያመጣል፣ አንዴ ያመጣውን ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል። የሚይዝበትን ቦታ ባልደረቦቿ ካሽ ይሉታል፣ እሷ ትዝታ ትለዋለች። በዚህ የተነሳ «ትዝታ» ብለው ስም አወጡላት፤ እናትና አባቷ ያወጡላትን የሚያውቀው አሁን የመግቢያ ካርዷ ብቻ ነው።

ክፍሉ ብርድ ብርድ ይላል። ማራገቢያዎቹ አንድ ድምፅ ይዘው ያንጎራጉራሉ፣ ስሞቹ በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ይፈሳሉ፣ እሷም አገጯን በመዳፏ አስደግፋ አብራቸው ትፈሳለች። አንዳንዴ ከስሞቹ በስተጀርባ ያሉት ሰዎች ይታዩዋታል፤ የልጅ ማስተኛ ዜማ የምትፈልግ እናት፣ የአውቶቡስ ሰዓት የሚያይ አስተማሪ። ይህን ለማንም አትናገርም። ሥራ ላይ ታልማለች እንዳይሏት ነው፤ ታልማለች እኮ።

በዚያ ሰሞን የያዘችው ሥራ ግን የሕልም አልነበረም፤ የቁጥር ነበር። ከመቶ ጥያቄ ስንቱ ከትዝታ ይመለሳል? ሰማንያ አንድ። ቦታውን አሰፋችለት፣ ሰማንያ አራት ሆነ። ብዙ ሰው የሚጠይቃቸውን ስሞች ጊዜያቸው ሳያልቅ እንዲያድስ አደረገችው፣ ሰማንያ ሰባት ገባ። ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። ምን እየጎተተው እንደሆነ ስታይ፣ የሌሉ ስሞች ናቸው፤ ፊደል የተሳሳተባቸው፣ ከተዘጉ የቆዩ፣ አንድ የቴሌቪዥን ዓይነት በየደቂቃው የሚጣራው የጠፋ ኩባንያ። የእነዚህ መልስ «የለም» ነው። «የለም»ም እንደ ሌላው መልስ ይያዛል፤ ለአምስት ደቂቃ ነበር የሚያዘው። እሷ ሦስት ሰዓት አደረገችው።

ዘጠና አንድ! አለቃዋ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ» ብሏት አለፈ። ቁጥሩ «አለ»ንም «የለም»ንም እኩል ይቆጥር እንደነበር ማንም ልብ አላለም።

አሁን ስለ እህቷ ልንገራችሁ። ታላቋ ናት። አባታቸው አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ሠርቶ ያሳደጋቸው፣ የሥራ ቤቱን ለታላቋ ሊያወርስ ያሰበ። ታላቋ ግን ጊታር ልሥራ አለች። «እንጨት ለጨዋታ?» አለ። ቃል ቃልን አመጣና ከቤት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስለ ትልቋ ልጁ ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ «የለችም»። አንዷ ጎረቤትማ የሞተች መስሏት ጥቁር ለብሳ መጥታ አልቅሳለች። እሱም አላረማትም።

ታዲያ ታላቋ የሥራዎቿን ፎቶዎች የያዘ ገጽ ልትከፍት ሆነ። ማክሰኞ ረፋድ ልክ በአራት ሰዓት፣ አድራሻው በራሷ ስም። ትንሿ አባቷን ሦስት ሳምንት ለመነችው። በመጨረሻ «እሺ፣ በሩቁ ልየው» አለ። አሁን ካልሆነ መቼም እንደማይሆን ታውቃለች፤ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ እሺ አይልም።

ማክሰኞ በሦስት ተኩል እጇ አላርፍ አላት። የእህቷን ስም ጻፈችና ተጫነች። «የለም» አለ ማሽኑ። «ገና ነዋ» ብላ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ሳይደርስ መጠየቅን ሌላ ሰው ቢያደርገው አይገርምም፤ ለእሷ ግን እንጀራዋ ነው።

አባቷ ሸሚዙን ተኩሶ ወደ ሥራ ክፍሏ መጣ። ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ ማውጣት ረስቷል። አራት ሰዓት ሞላ። የእህቷን ስም ደግማ ጻፈችና ተጫነች።

«የለም።»

«ምን ይላል?»

«ቆይ አባዬ፣ አንዴ...»

«ማንበብ እኮ እችላለሁ።» ተነሣ። «እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ምን አደከምሽኝ?»

በሩ ጋ ደርሶ ነበር ሲገባት።

«አባዬ! የኔ ጥፋት ነው፤ በማርያም ስማኝ። ቅድም ቸኩዬ ጠየቅሁት። ያኔ አልነበረችም። አሁን አለች፤ እሱ ግን የቅድሙን ይዞ ነው የሚመልሰው።»

«ሄዶ አያይም?»

«አያይም። ያወቀ ስለሚመስለው አይጠይቅም።»

«እስከ መቼ?»

«ሦስት ሰዓት ይይዘዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የያዘውን ይጥላል። እንደ አዲስ ይጠይቃል።»

አባቷ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። ማራገቢያዎቹ ያንጎራጉራሉ፤ ስሞቹ ይፈሳሉ፤ ከተማው የት ነው፣ የት ነው እያለ ነው።

«ሦስት ሰዓት» አለ ለራሱ። «ይሄ ብረት እንኳ ሦስት ሰዓት።»

«አሁኑኑ ላስረሳው እችላለሁ፤ አንድ መስመር ነው» አለችና ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች።

«ተይው።»

ተመልሶ መጣ። የጠረጴዛውን ስልክ ወደ ራሱ ሳበና ቁጥር መታ። ወረቀት አላወጣም፣ እሷንም አልጠየቃት። ጣቱ አንዴም ሳያመነታ አሥሩንም ቁጥር ጨረሰ፤ እሷ ራሷ ከስልኳ ካላየች የማታስታውሰውን የእህቷን ቁጥር። ሲጠራ ከወንበሯ ሆና ይሰማታል።

ከወዲያ በኩል «አቤት?» አለች እህቷ።

አባቷ በነፃ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ዳበሰ፣ እንጨት እንደሚመርጥ ሁሉ።

«እዚህ... የለም ይለኛል» አለ። «ልጄ፣ አለሽ?»



«አለሁ፣ አባዬ» አለች ታላቋ። «አለሁ።»