አምስት ነጥብ ለእንግዳ

ሰዑድ ሪሲቨር ሲፈትን ቸኩሎ አያውቅም። ሐይቅ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ መሥሪያ ቤቱ ለሥራው በተከራየው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ በማዳከሚያው መሣሪያ የሲግናሉን ኃይል አንድ ዴሲቤል ዝቅ ያደርጋል፤ አንድ ደቂቃ ያያል፤ ይጽፋል፤ ደግሞ አንድ ዝቅ ያደርጋል። ዲጂታሉ ሥርጭት ከድሮው የሚለየው በአወዳደቁ ነው። የድሮው ሲደክም ምስሉ ነጭ ብናኝ ይለብሳል እንጂ ድምፁ እስከ መጨረሻው ይታገላል። ዲጂታሉ ግን እስከ አፋፉ ጥርት ብሎ ይሄድና ድንገት ጭልጥ ይላል። የፈተናው መመሪያ የሚጠይቀው ያ አፋፍ የት እንደሆነ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ሪሲቨሩ የተጠየቀውን ሁሉ አለፈ።

የቀረው የመንደር ፈተና ነበር። ጊዜው ሰኔ 2013 ነው፤ በሰሜን ጦርነቱ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። በለውጡ ማግስት የታቀደው፣ ሥርጭቱን ወደ ዲጂታል የማዛወሩ ሥራ ግን ጦርነት አለ ብሎ አልቆመም። ሪሲቨሩ በተመረጡት መንደሮች ካለፈ፣ ከሐይቅ በላይ ኮረብታው ላይ የቆመው የድሮው ማሠራጫ ይዘጋል፤ ዕቃውም ተነቅሎ ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዳል። በየመንደሩ ስድስት ሰዎች ግማሽ ሰዓት አይተው ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣሉ። መሣሪያውና ሰዎቹ ካልተስማሙ የሚጸናው የሰዎቹ ነጥብ ነው ይላል መመሪያው። ሰዑድ ያችን አንቀጽ መጀመሪያ ሲያነብ ወዷት ነበር። የሚያየው ሕዝቡ ነውና ፍርዱም የሕዝቡ ቢሆን ደግ ነው ብሎ።

የመጨረሻዋ መንደር አምባሰል ውስጥ ከገደሉ ሥር ተወሽቃ ነበር። መኪና ስለማይደርስ፣ የዚያው አካባቢ ሰው የሆነው ሀሚዱ ዕቃውን በበቅሎው ጫነለት።

«ይሄ ሁሉ ሳጥን ወሬ ለመስማት ነው?» አለ ሀሚዱ ዳገቱን ሲጀምሩ። «ወላሂ፣ የኛ ሰፈር ሴቶች ያለ አንዲት ሽቦ የጂዳን ወሬ ሰምተው ነው የሚውሉ።»

«እነሱንም መመሪያ አወጣላቸውና እፈትናቸዋለሁ።»

«ተው አቦ! እነሱው ይፈትኑሃል፤ ደግሞ ትወድቃለህ።»

በመንደሯ ቴሌቪዥን ያለው ከአያ ሽታው ቤት ብቻ ነው፤ የሚሠራውም በሶላር ነው። ራዲዮ በዚያ ገደል ሥር ፉጨት እንጂ ወሬ አይሰጥም። ስልክ ለመደወል ጉብታው ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ እሱም ኔትወርክ በፈቀደ ቀን። ስለዚህ በዜና ሰዓት ክርስቲያኑም እስላሙም ከአያ ሽታው ግቢ ይሰበሰባል። አያሌው የሚባለው ልጃቸው ከሚሊሻው ጋር ከዘመተ ወዲህ ደግሞ ሽማግሌው አንድም ዜና አምልጧቸው አያውቅም።

«ጦሩ ወደኛ የዞረ እንደሆን የሚነግረን እሱ ነው» አሉ ቴሌቪዥኑን በአገጫቸው እያሳዩ። «ምስሉ ባይታይም ድምፁ አይጠፋም። ከብቱንና ልጁን ይዘን ገደሉን ለመውጣት አንድ ቀን ይበቃናል። አንድ ቀን ቀድመን ከሰማን።»

ሰዑድ አንቴናውን ተክሎ ሪሲቨሩን አገናኘና ስድስቱን ሰዎች አስቀመጠ። የቀን ስድስት ሰዓት ዜና ጀመረ። ሲግናሉ ከገደሉ ጋር ተላትሞ ስለሚመለስ ሪሲቨሩ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እየሰማ ይደናገራል። ምስሉ እንደ ተሰበረ መስታወት ተቆራረጠ። ዜና አንባቢው አፉን እንደ ከፈተ ደርቆ ቀረ፤ ድምፁም አብሮ ጠፋ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ደረቀ። ሰዑድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ መቋረጡን ቆጠረ። ወደቀ አለ በልቡ፤ ቀለል አለው። ማሠራጫው አይዘጋም ማለት ነው።

ቅጾቹን ሰበሰበ። ስድስቱም አምስት ሰጥተዋል።

«አያ ሽታው፣ አምስት እኮ እንከን የለውም ማለት ነው።»

«አዎ፣ ሸጋ ነው።»

«ሰውየው አፉን እንደ ከፈተ ሲቀር አላዩም?»

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ሰው ሲያወራ ትንፋሽ ይውሰድ እንጂ!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ተሻለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ፈታኝ ተመልካቹን ይህን በል ብሎ መምራት አይችልም፤ የተናገረውም ከተፈቀደለት አልፎ ነበር። ሲወጣ አያ ሽታው እስከ አጥሩ ሸኙትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህን ዳገት ወጥተህ መጥተህ ሥራህ አይረባም ብለን እንስደድህ? ነገ ከእንጀራህ ብትፈናቀል ኃጢአቱ የማን ነው?»

«እኔን አይጎዳኝም። የሚጎዳው እናንተን ነው።»

«የጨዋ ልጅ እንዲህ ነው የሚል» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሰዑድ አርባ አንዱን መቋረጥና የገደሉን ነገር በሁለት ገጽ ጽፎ ከቅጾቹ ጋር አያያዘ። በሳምንቱ አብዱልመናን ደወለለት፤ ደሴ የተቀመጠ አለቃው ነው።

«ተመልካቹ ስንት ሰጠ?»

«አምስት። ግን አፍረው ነው። አንተም የወሎ ልጅ ነህ፣ ታውቃለህ።»

አብዱልመናን ሳቀ። «አውቃለሁ። እኔም ብሆን አምስት ነበር የምሰጥህ። ግን ‹አፍረው ነው› የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።»

«እንደገና ልፈትን።»

«እንደገና የሚፈተን የወደቀ ነው፣ ሰዑድ። ይሄ አልፏል።»

በሐምሌ ማንም ሳይልከው ዝናብ እየደበደበው ወደ መንደሯ ተመለሰ። ማሠራጫው ሊዘጋ መሆኑን፣ ያም በእነሱ አምስት ነጥብ የመጣ መሆኑን ቁጭ ብሎ ነገራቸው። አያ ሽታው የጋቢያቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉ ሲፈቱ ቆይተው፣ «እኛ ላንተ ብለን» አሉ። በዚያው ስድስቱም አንድ ሰጡ። እትዬ ተሻለች ከአንድ በታች የለም ወይ ብለው ጠየቁ።

አዲሱን ቅጽ ይዞ ደሴ ወረደ። አብዱልመናን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን አየ፣ ደብዳቤ ጽፎም ወደ ላይ ላከው። መልስ አልመጣም። በነሐሴ የደሴ ትምህርት ቤቶች ከራያና ከወልድያ በተፈናቀለ ሰው ተጨናነቁ፤ ስለ አንድ መንደር ሪሲቨር የሚሰማ ጆሮ ከየት ይምጣ? መስከረም ላይ የግሸን ንግሥ ባለፈ በሳምንቱ የድሮው ማሠራጫ ተዘጋ። ሰዑድ ሌላ የሚጽፍበት ቅጽ ፈለገ፤ አላገኘም።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ማለዳ የከባድ መሣሪያው ድምፅ እስከ ሐይቅ ተሰማ። ስልክ ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቷል። ሰዑድ ኮረብታውን በሩጫ ወጣ። ጠባቂው ኑርዬ ብትሩን ተደግፎ ከማሠራጫው ቤት ደጃፍ ቆሟል።

«ክፈትልኝ ኑርዬ፣ ለአንድ ሰዓት እናብራው፤ ከገደሉ ሥር ያሉት ይስሙ።»

«ምኑን? ግድግዳውን?» ኑርዬ በሩን በእግሩ ገፋው። ወለሉ ላይ ብሎኖቹ የተነቀሉባቸው ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። «ከጫኑት እኮ ሁለት ሳምንቱ ነው። አንተም ውረድ፤ እናትህን ያዝ።»

ከዚያ ላይ ሆኖ የአምባሰል ገደል ጥርት ብሎ ይታየዋል። ቢጮህ አይሰማ፤ ቢሮጥ ግማሽ ቀን ነው፤ ያውም መድፉ ወደሚያጓራበት። ታች ከተማው ውስጥ ደግሞ አብረውት የሚኖሩት እናቱ ራዚያ አሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ያለ እሱ ሰው የላቸውም። ወረደ።

የደሴው መንገድ በሰው፣ በከብት፣ በባጃጅ ተጣቧል። ራዚያ አንድ ቋጠሮ ይዘው ክንዱን ጨብጠዋል። ያን ሁሉ ሕዝብ እየሰነጠቀ፣ በቅሎውን እየሳበ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ አንድ ሰው አየ። ሀሚዱ ነው።

«ሀሚዱ! ወዴት ነው?»

«ልጆቼ እዚያው አይደሉ እንዴ? ወዴት ልሂድልህ!»

ሰዑድ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። «አያ ሽታውን አግኝልኝ። ለመንደሩ ሁሉ ንገር። ውጡ በላቸው።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ሀሚዱ ወደ ሰሜን አየ፤ ቀጥሎ በቅሎውን፤ ቀጥሎ ሰዑድን። «በዚህ መንገድ እኮ እኔ የምደርስ ነገ ነው» አለ።

ከኋላ የሚገፋው ሰው ልጓሙን ከእጁ አስለቀቀው።

«አብሽር» አለው ሀሚዱ፤ ሄደ።

ራዚያ እጅጌውን ሳቡት። ሰዑድ ፊቱን ወደ ሰሜን እንዳደረገ ጥቂት እርምጃ የኋሊት ተራመደ፤ የበቅሎዋ ጆሮዎች ከሰው ራስ በላይ ትንሽ ታዩ፤ ከዚያም ጠፉ።