አራት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊው የሰው ወሬ አያምንም፤ የሚያምነው ስፌትን ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ስለ ኑሮው የፈለገውን ቢያወራ፣ እሱ የኪሱን ጠርዝ አይቶ ልኩን ያውቃል። የልጁ ትምህርት ቤት የጻፈው ደብዳቤ እጁ ሲገባም ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ደጋግሞ አገላበጠው። ነገሩ አልዋጥልህ አለው።

ከሚስቱ ሲፋታ፣ ልጅቱ አስራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ቀለብ እንዲሰጥ ተፈርዶበታል፤ ከዚያ በኋላም ትምህርት ላይ ካለች እስክትጨርስ ይቀጥላል ተብሏል። አስራ ስምንት ከሞላት ሦስት ወር አልፏል። ደብዳቤው የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት ይላል። ታዲያ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ሱቁ እየመጣች የምትለካው ልጅ ዘንድሮ ለምን ድርሽ አላለችም? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሟን ከእሱ በቀር የሰፋላት የለም። ዩኒፎርም ያላሰፋች ልጅ ምን ተማሪ ናት? እናትየው ደብዳቤውን የሆነ ቦታ አስጽፋ እያታለለችው ነው፤ በቃ። ቀለቡ ይቁምልኝ የሚል ማመልከቻ አስጽፎ ኪሱ ከተተ። ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ግን ጉዱን በዓይኑ ሊያይ በማለዳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገተረ።

መቼም ተጠራጣሪ ሰው ሲሰልል ከሩቅ ያስታውቃል። ከመብራት ምሰሶው ጀርባ ብቅ ጥልቅ ሲል ጥበቃው ደረሰበትና ማንን እንደሚፈልግ ጠየቀው። የገዛ ልጄን ልሰልል መጣሁ አይባል ነገር! ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የዩኒፎርሙን አሰፋፍ ላይ ብዬ ነው አለ። አንገቱ ላይ የረሳው ሜትር መሰከረለት፤ ጥበቃው ግን ዓይኑን ከላዩ አልነቀለም።

ደወሉ ሊደወል ሲል ልጁ መጣች፤ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ደብተር ይዛ። ደስ ሊለው ሲገባ ተናደደ። ማን ሰፋላት? ሌላ ሰፊ ጋ ሄዳ ነው? ዓይኑን ጉርዷ ላይ ጣለ። ኪሱ የእሱ እጅ ነው፤ ወገቡም የእሱ ነው። የአምናው ጉርድ ነው። ከታች ግን ቀለሙ የማይገጥም አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ተቀጥሎበታል፤ በእጅ መርፌ፣ እየተንጋደደ የሄደ ስፌት።

ለሚያድግ ልጅ ሲሰፋ ከጠርዙ ውስጥ አራት ጣት ትርፍ ማጠፍ የቆየ ልማዱ ነው፤ ልጁ ሲረዝም እጥፉ ይለቀቃል። ያ እጥፍ የት ሄደ? ይሄኔ የአምናው ትዝ አለው። በሚመጣው ዓመት አስራ ስምንት ይሞላታል ብሎ አስልቶ፣ ጨርቁን ያለ ትርፍ ልክ ጉልበቷ ላይ ቆርጦት ነበር። እየለካትም፣ ይሄ የመጨረሻው ነው ብሏታል። እሷ ደግሞ ዘግይታ በቁመት ተመዘዘች። በሕይወቱ እንደዚያ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም።

ልጅቱ አየችውና ቀረብ አለች። እሱ ቁጢጥ ብሎ ጠርዙን በጣቶቹ ያዘ።

"ማን ቀጠለው?"

"እኔ ነኝ።"

"ነገ ሱቅ ነይ፤ ልለካሽ።"

"ተወው አባዬ። ዓመቱ እስኪያልቅ ይበቃኛል።"

ይሄን ጊዜ ጥበቃው አንድ ጎልማሳ የተማሪ ጉርድ ይዞ ቁጢጥ ማለቱ አላምር ብሎት እየተቻኮለ መጣ። ሰውዬውን ታውቀው እንደሆነ ልጅቱን ጠየቃት። አባቷ ቀና ብሎ አያት።

"አዎ፣ አውቀዋለሁ" አለች። "ልብስ ሰፊዬ ነበር። እስከ አስራ ስምንት ዓመቴ።"

ደወሉ ተደወለና ገባች። ጥበቃው በሩን ዘግቶ ተመለሰ፤ ያለ ጥፋቱ ስለጠረጠረው ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቀው።