የማለዳው ማጠናከሪያ

የሒሳብ አስተማሪዋ ከሰሞኑ ቁጭ ብድግ እያለች ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነግሯታል፤ ከወንዝ ማዶ የሚመጡት ተማሪዎቿ በዚህ ፈተና ወደ ሰፈሩ ልጆች ውጤት ካልተጠጉ፣ ተለይተው "የደካሞች ክፍል" ይገባሉ። እዚያ ገብቶ የተመለሰ ልጅ ደግሞ እስካሁን አላየችም።

ስለዚህ ማልዳ፣ ገና ደወል ሳይደወል፣ ማጠናከሪያ ትምህርት ከፈተች። ምን ዋጋ አለው፣ የሚመጡት የሰፈሩ ልጆች ብቻ ሆኑ! ከፊት የምትቀመጠው ደግሞ የገዛ ልጇ ነች፤ ያቺ ድሮም አንደኝነትን እንደ ርስት የያዘችው። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው። የሙከራ ፈተናውን ስታርም ልዩነቱ ጭራሽ ሰፍቶ አገኘችው።

ደሟ ፈላ። በማግስቱ ማዶዎቹን በር ላይ ጠብቃ፣ "ለማን ብዬ ነው የምለፋው? እንቅልፍ ነው የበለጠባችሁ?" ብላ ጮኸችባቸው።

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ቀጫጫ ልጅ ብቻ፣ "ቲቸር፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ እኮ ነው የመጣነው። ከሱ በፊት የሚነሳ የለም" አለቻት።

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አልጠየቁንማ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሒሳብ አዋቂ ነኝ ባይዋ የአውቶቡስ ሰዓት መጠየቅ አቃታት!

የማለዳውን ዘጋችና ማጠናከሪያውን ወደ ምሳ ሰዓት አዛወረችው። የሰፈሩ ልጆች ቤታቸው ሄደው ይበላሉ፤ ማዶዎቹ ግን ከግቢ አይወጡም። እሷም ምሳዋን ቆማ እየጎረሰች ከዴስክ ዴስክ ትሮጣለች።

"እኔስ?" አለች ልጇ አኩርፋ።

"አንቺን ማታ ማታ ቤት አስጠናሻለሁ።"

ማታ ግን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይጥላታል። አንድም ማታ አላስጠናቻትም።

ፈተናው ታረመ። ምክትሉ ውጤቱን አገላብጦ አየና፣ "በይ እህቴ፣ ማንም አይለይም" አላት። ማዶዎቹ ተጠግተዋል፤ ቀጫጫዋማ የአስተማሪዋን ልጅ ሳይቀር ቀድማታለች። አስተማሪዋ መንገዱን እየበረረች ቤቷ ደረሰች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ተያዘ።

ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ደስ ብሎሻል አይደል?"

መዋሸት ትችል ነበር። ግን "አዎ፣ ደስ ብሎኛል" አለቻት።