የዝንብ ወተት

እማማ ወተት የፍሊቱን ጣሳ ባዶ እስኪሆን ነፉት። በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን በጥቁር ሻርፓቸው ይዘው፣ በሌላው ጣሳውን ቀስረው፣ በሟች ልጃቸው ክፍል ግድግዳ ሥር የተደረደሩትን የመረብ ሳጥኖች አንድ በአንድ አዳረሷቸው። በየሳጥኑ ያሉት ዝንቦች መጀመሪያ በኃይል ጮኹ፤ ከዚያ በጀርባቸው እየወደቁ ይሽከረከሩ ጀመር።

«እሷ አፈር ለብሳ እናንተ ልትዘሉ?» አሏቸው።

ወደ ክፍሉ ሲገቡ ይህን አላሰቡም ነበር። ከሩቅ ለመጡ ዘመዶች አልጋዋን ሊያነጥፉ ነው የገቡት። ግን ያንን እዝዝታ ሰሙ። ልጃቸው ከተቀበረች ወዲህ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ በሚያወራበት ቤት፣ እንደ ልቡ የሚጮኸው እሱ ብቻ ነበር። ለቅሶ ያላወጣላቸው ንዴት ያን ጊዜ ከሆዳቸው ተነሣ። ጣሳውን ጥግ ላይ ወርውረው፣ በሩን ዘግተው፣ ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሱ። ዓይናቸው ደም ለብሶ ነበር፤ ልጅ የቀበረች እናት ዓይኗ ቢቀላ ግን የፍሊት ነው የሚል የለም።

ሳሎኑ ከጎረቤት በመጡ ወንበሮች ተጣቧል። ሻይ በትሪ ይዞራል። ሰፈሩ በሌለችበት «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤታቸው ከበሩ አጠገብ ሆና ለአንዷ እንግዳ ታሪክ እያደረሰች ነው።

«ትዳር የለ፣ ልጅ የለ። ያን የመሰለ ጭንቅላት ለዝንብ ሰጥታ! ፍሪጁን ሳጸዳ ምን እንዳገኘሁ ብነግርሽ…»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ እማማ ወተት፣ ቀና ሳይሉ። ሬዲዮ ተቋረጠች።

ቢሆንም ነገሩ ወጋቸው፤ ምክንያቱም ከዚህ የባሰውን ራሳቸው ለልጃቸው ብለዋታል።

«እማማ ወተት» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ድሮ ከቤታቸው ጀርባ ላሞች ነበሯቸው፤ በየደጁ ወተት እያደረሱ ነው ቤት ያቆሙት። ከዚያ ገንዲ ገባ። ገንዲ ዝንብ የምታመጣው የከብት በሽታ ነው። ላሞቹ ሣር ፊታቸው ተከምሮ ከሱ፤ ዓይናቸው አለቀሰ፣ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥጆቹን ሳይደርሱ ጣሉ። የመጨረሻዋ ላም በወደቀች ቀን ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማ፣ ይህን የሚያህል ላም ይህን በምታህል ዝንብ?»

«ጠላት በቁመት አይለካም» አሏት።

ልጅቷ ከዚያ ጥያቄ አልተነሣችም። ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች እናትየው ነጭ ጋውን፣ የታማሚ ወረፋ፣ «የዶክተር እናት» መባልን አልመው ነበር። እሷ ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሚባል ነገር ይዛ መጣች። በዓይን የማይታየውን ዘረመል እያወጣች እንደምታነብ አስረዳቻቸው።

«ሐኪም ሁኚ ብልሽ የዝንብ ሐኪም ሆነሽ አረፍሽው?»

«የላምም ነኝ እማ።»

«ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም።»

«ጋኑ ይቅርባቸው፣ አፋቸውን ይዝጉልኝ እንጂ!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓይኗ እያበራ፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «ይቺ የገንዲ ዝንብ እንቁላል አትጥልም እኮ» አለቻቸው። «ልጇን በሆዷ ነው የምታሳድገው። አንድ ብቻ። እዚያው ሆዷ ውስጥ ወተት ታጠባታለች። እማ፣ ወተት!»

እማማ ወተት በሳቅ ፈረሱ። «የዝንብ ወተት! በይ አልቢልኝና በየደጁ ላዙርልሽ!»

ልጅቷም አብራ ሳቀች። ግን ከዚያ በኋላ ስለ ዝንቦቿ ብዙም አላወራቻቸውም። ላቦራቶሪዋን እንዲያዩ በየጊዜው ትጋብዛቸው ነበር፤ «የላሞቼን ገዳይ ቤቱ ድረስ ሄጄ ልጠይቅ?» እያሉ አንድም ቀን አልሄዱም። በመጨረሻ፣ ልቧ ደክሞ ከቤት ስትውል፣ ሳጥኖቹን ይዛቸው መጣች። «በሩን ብቻ አትክፈቺው» አለቻቸው። እሳቸውም እሷ እስካለች አልከፈቱትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሸበቶ ሰው ጫማው ጭቃ እንደሆነ ገባ። የልጃቸው የሥራ ባልደረባ ነው። የመስክ ሥራ ላይ ሆኖ መርዶው ዘግይቶ ደርሶት፣ ቀብሯ አምልጦታል። እማማ ወተት እግር ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያጽናዎት አላቸው፣ አሜን አሉት። ሻይ ሰጡት፣ አልጠጣም። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዚህ ሰዓት የሚጠየቅ አይደለም። ዝንቦቹን ማን አበላቸው?»

እማማ ወተት አላየሁም ማለት ይችሉ ነበር። የዘመዶቹ ልጆች በሩን ከፍተው ይሆናል ማለትም ይችሉ ነበር። ሰውየው ግን ዓይናቸውን እያየ ይጠብቃል፤ ጥያቄው የዋህ ነው።

«እኔ ፈጀኋቸው» አሉት። «ጠዋት፤ በፍሊት።»

ሰውየው ብድግ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ተከተሉት። ሽታው ገና አልወጣም። መስኮቱን ከፍቶ በየሳጥኑ ውስጥ አየ፤ አንዱንም ሳጥን ነቅነቅ አደረገው። የሚንቀሳቀስ የለም። ያኔ ሱሪዬ ይቆሽሽብኛል ሳይል ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ተቆጣኝ» አሉት እማማ ወተት።

«ምን ብዬ እማማ? ላሞችዎ እንዴት እንዳለቁ ነግራኛለች።»

«ሥራ ቦታችሁ ሌላ የለም?»

«የነበሩት መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አለቁ። ከዚያ ነው የተረፉትን ይዛ ወደ እርስዎ የመጣችው።»

ቀስ እያለ ነገራቸው። ልጃቸው ከመስክ ከተያዙት ዝንቦች መካከል የበሽታው ተውሳክ ሆዷ ውስጥ መኖር ያቃተው አንዲት ዝንብ አገኘች። የምርመራ ስህተት ነው አሏት። እሷ ግን አልለቀቀችም፤ ልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿን እያረባች ትመረምር ገባች። የዝንቦቹን አንጀት እየፈተሸች፣ እዚያ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ዘረመል ፊደል በፊደል ስታነብ፣ ማንም ያላየውን አንድ ባክቴሪያ አየች። ተውሳኩን የሚገድለው እሱ ነበር። እሱ ያለባት ዝንብ መቶ ላም ብትነክስ አንዷን አታሳምምም። የዚያች የአንዲት ዝንብ ዘሮች እንግዲህ እነዚህ ነበሩ፤ ሌላ የትም የሉም።

«ባክቴሪያው ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀባት» አለ። «በደም ነው አልን፣ አይደለም። በአባት ነው አልን፣ አይደለም። በወተት ነው እማማ። እናትየው ሆዷ ውስጥ ስታጠባት ከወተቱ ጋር ትሰጣታለች። ይህን ያወቀች ዕለት ምን እንዳለች ያውቃሉ? ‘ለእናቴ ብነግራት ትስቅብኛለች’ አለች።»

እማማ ወተት በሩን ተደገፉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱ ነበር፤ አሁን ግን እንባቸው ደረቀ። ላሞቻቸውን መልሳ ልታመጣላቸው ወደ ጠላቷ ሆድ ድረስ የወረደች ልጅ ነበረቻቸው። ይህን ያህል ሰው ከእሳቸው ሆድ መውጣቱ ራሱ አስፈራቸው።

«ልጆቻቸውስ?» አሉ ድንገት። «ትወልዳለች ብላኝ ነበር። የተወለዱትስ የት አሉ?»

ሰውየው አያቸው። ከዚያ በአራት እግሩ ድኾ ከሳጥኖቹ ሥር ያለውን አሸዋ የተሞላ ሳህን ሳበ።

«ድንጋጤ ሰውን ያደነቁራል» አለ። «የዝንብ ልጅ ስትወለድ እናቷን ልታክል ምንም አይቀራት። ወዲያው በመረቡ ሾልካ አሸዋ ውስጥ ትገባና ጠንካራ ቅርፊት ትለብሳለች። ፍሊት በቅርፊቱ አያልፍም! ሲወጡ መርዙን እንዳይረግጡ ግን አሁኑኑ ከዚህ እናውጣቸው። ወንፊት አለ?»

እማማ ወተት የሻይ ማጥለያ ይዘው መጡ። በራሳቸው መኝታ ክፍል፣ አልጋው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው፣ አሸዋውን አበጠሩት። ከአሸዋው የቀሩት ጥቁር ቡናማ ፍሬዎች እፍኝ አይሞሉም ነበር። እማማ ወተት አንዷን መዳፋቸው ላይ አኖሩ። ምስር ብትመስልም ከምስር ትከብዳለች። ላም ሲገዙ እንደሚያደርጉት ክብደቷን መዘኑ። ፍሬዎቹን ንጹሕ አሸዋ ያለበት አዲስ የመረብ ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው፤ ማሞቂያ ለኮሱላቸው፣ እርጥብ ፎጣ ሰቀሉላቸው። ዘመዶች መጥተው «እማማ፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው» ሲሏቸው «ይጠብቅ» አሉ።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሳሎን ሞልቶ ሳለ ባልደረባው ከመኝታ ቤቱ በር ላይ በእጁ ጠራቸው። ሬዲዮም ምን አመለጠኝ ብላ ተከተለች።

አንዷ ፍሬ ጫፏ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ አንድ ነገር ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ እንደገና ያብጣል። ዝንቧ ግንባሯን እንደ ፊኛ እየነፋች ቅርፊቷን እየሰበረች ነበር። በዚያው ግንባር አሸዋውን ገፋችው፣ ወደ ላይ ወጣች፣ ቆመች። ክንፎቿ የተጨማደደ ወረቀት ይመስላሉ። ክንፎቹ ሲዘረጉ ብርሃን አለፈባቸው፤ መስመሮቻቸው ሁሉ ታዩ።

«በስመአብ!» አለች ሬዲዮ። ሌላ ቃል አልመጣላትም፤ ይህ በታሪኳ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«ሴት ናት» አለ ባልደረባው። «የጠፋውን ዘር የምትመልሰው እሷ ናት፤ ወንዶቹ ይከተሏታል። ግን ከቅርፊት ስትወጣ ባዶ ሆዷን ነው፤ ቶሎ ደም ካልጠጣች አታድርም። ፍሪጅ ውስጥ የከብት ደም በጠርሙስ አስቀምጣ ነበር። ማን ያመጣልኛል?»

ሬዲዮ ፊቷ ጠቆረ። «እኔ እኮ… ለእንግዳ ውሃ ቦታ ሳበጅ… ማነው ደም ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ! ደፋሁት።»

ቄራው ደግሞ ዛሬ ዝግ ነው። ባልደረባው እጅጌውን ሊሰበስብ ጀመረና ተወው። «የእኔ ደም አይሆንም። መስክ ላይ አሞኝ አንቲባዮቲክ እየወሰድኩ ነው፤ መድኃኒቱ ያንን ባክቴሪያ ይገድልባታል።» ወደ ሬዲዮ ዞረ። ሬዲዮ ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ዞር በል» አሉ እማማ ወተት።

«እማማ፣ ዝንቧ ንጹሕ ናት፣ በሽታ የላትም። ግን ንክሻዋ ያማል። ደግሞ መድኃኒት ከወሰዱ…»

«የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጥተውኝ ነበር፤ አልዋጥኩትም። ልጄን ተኝቼ ነው የማለቅሳት? በል አንሣው ሳጥኑን።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጥቁር ቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፤ የክንዳቸውን ውስጠኛ ክፍል ከመረቡ ጋር አገጣጠሙ። ዝንቧ ዘወር ዘወር አለች። ሙቀቱን አገኘችው። ስትነክሳቸው ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ ክንዳቸው ንቅንቅ አላለም። ትንሿ ሆድ መቅላት ጀመረች፤ ቀላች፣ ሞላች፣ ክብ ሆነች።

«ይኸው ነው የምትይኝ የነበረው» አሉ እማማ ወተት፤ ለማን እንደሚናገሩ የጠየቃቸው አልነበረም። እንባቸው እስከ አገጫቸው ወረደ፤ እንዳይነቃነቁ ብለው አልጠረጉትም።

ከሳሎኑ አዲስ የመጡ ለቀስተኞች ድምፅ ተሰማ። ደመናው ገለጥ ብሎ የመስኮቱ ፀሐይ ሳጥኑ ላይ አረፈች። እማማ ወተት ነፃ በሆነው እጃቸው ሻርፓቸውን ከትከሻቸው ሳቡና፣ ጠጥታ እስክትጨርስ ፀሐይ እንዳያገኛት ከለሉላት።