የምሳው ወረቀት

«እትዬ፣ አውራ ጣትሽን እዚች ጋ» አለቻት መዝጋቢዋ፣ የማኅተም ቀለሙን እያስጠጋች።

ያራም እጇን ቀሚሷ ውስጥ ቀበረች። «ቆይ እስቲ፣ ምን ይላል?»

«ተገኝታለች ነው የሚለው። ምሳም የሚታደለው በሱ ነው።»

ጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ኩምባ ሳቀች። «ባለፈውም ለምሳ ብለን ነው የነከርነው። ሩዝ በዓሣው እኮ ይጥም ነበር!» ሳቋ ግን ወዲያው ከፊቷ ጠፋ።

ባለፈው ማለት ከስምንት ወር በፊት ነው። ያው አዳራሽ፣ መድረኩ ላይም ያው የያራም ታናሽ ወንድም፣ ፕሮፌሰር ማጌት። «ዕድገት ማለት መጀመሪያ ሰውን መጠየቅ ነው። ሳይጠይቅ የሚያለማ ሌባ ነው!» ሲል ሴቶቹ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ይህንን ነገር ሠላሳ ዓመት ጽፎታል፤ የዳካር ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል። ያራም ማንበብ ባትችልም መጽሐፎቹን በጨርቅ ጠቅልላ ነው ያስቀመጠችው። ዓሣ በጭስ እያደረቀች ያስተማረችውም እሷ ናት።

ትናንት ጠዋት ሴቶቹ ዓሣ ወደሚያደርቁበት ሜዳ ሲሄዱ ሰዎች ችካል ሲተክሉ ደረሱባቸው። ወደብ ሊሠራ ነው አሉ። ሜዳው እኮ ከእናት ለሴት ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው! የያራም ምድጃ የአያቷ ነበር።

«ማን ፈቀደላችሁ?» ብለው ሲጮኹ አንዱ ወረቀት አወጣ። መቶ አርባ አውራ ጣት፤ ያ የምሳው ወረቀት! ፊቱ ላይ የተያያዘውን ገጽ ሰውዬው አነበበላቸው፦ ነዋሪዎቹ ተጠይቀው ተስማምተዋል። ከሥሩ የማጌት ፊርማ።

«ሕጉ ሁለት ስብሰባ ይላል» አለ ሰውዬው። «ነገ ሁለተኛው ነው። በማግስቱ ምድጃዎቹን አፍርሰን ሜዳውን እናጸዳለን።»

ዛሬ ስብሰባው ሳይጀመር ያራም ማጌትን በር ላይ ያዘችው።

«ያንን ገጽ አንተ ነህ የፈረምከው?»

«ወላሂ አላነበብኩትም፣ ያራም። የስብሰባ ሪፖርት ነው አሉኝ።»

«እኔ ባላነብ እሺ። አንተስ?»

ሊያልፋት ሲል መንገዱን ዘጋችበት።

«እንግዲያው ዛሬ ውጣና ተናገራ!»

«ምን ብዬ? ሳላነብ ፈረምኩ ብዬ? የዕድሜ ልክ ሥራዬ መሳቂያ ሊሆን? ደግሞ ወደቡ ለልጆቹ ሥራ ያመጣል። አንቺስ እስከ መቼ ጭስ ስትውጪ ትኖሪያለሽ?»

«እሱን ነበር ሳትፈርም የምትጠይቀኝ።»

አሁን መዝጋቢዋ ቀለሙን ይዛ ቆማለች። ሃያ ያህል ሴቶች ነክረዋል፤ የቀሩት የያራምን እጅ ያያሉ። መድረኩ ላይ ማጌት «ዕድገት ማለት መጀመሪያ ሰውን…» ብሎ ጀምሯል።

ያራም ወረቀቱን ከመዝጋቢዋ እጅ መንጭቃ ወሰደችው፤ አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችውና ተነሳች።

ማጌት ንግግሩን አቋርጦ ወደ እሷ ዞረ። ልጅ ሆኖ ጥፋት ሲያጠፋ እንዳትገርፈው በዓይኑ ይለምናት ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ አያት።

«ጥያቄ አለሽ፣ እናቴ?» አለ አወያዩ፣ ማይኩን እያስያዛት።

ዝም ካለች መቶ አርባ ምድጃ ነገ ይፈርሳል። ከተናገረች ደግሞ በገዛ እጇ ያሳደገችውን ልጅ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ታፈርሰዋለች። ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?