እጅጌ ውስጥ ያደረው ጆከር

ካርታ ማጭበርበር የተማርኩት ሲኒማ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ዋናም እንዲሁ ከወንበር ላይ የሚለመድ ቢሆን ማን ይሰምጥ ነበር!

ከስፌት ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሲኒማ ቤት አንድ ፊልም ሰቅሎ አላወርድም ብሏል። ጢሙን ያሳመረ አጭበርባሪ ካርታ ከእጅጌው እየመዘዘ ሀብታም ያራቁታል፤ ልትይዘው የተላከችው ቆንጆም ልቧ ይደነግጥና አብራው ትጠፋለች። ደጋግሜ ገባሁ። በኋላ በኋላማ ፊልሙን ትቼ ኮቱን ማየት ጀመርኩ። የእጅጌው አቆራረጥ አያምርም፤ ሴትየዋ ግን አላስተዋለችም። ተስፋ ያገኘሁት ያኔ ነው።

ስለ እጅጌ ሲሆን አፌን ሞልቼ ነው የማወራው። ሥራ ቦታ ቅጽል ስሜ ራሱ «እጅጌ» ነው። አሠሪያችን ኮሌታ አያስነካኝም፣ ኪስ አያስነካኝም። ከእጅጌ ቀጥሎ የማዘወትረው ሥራ ልብስ ተኳሿን ማየት ነው፤ እሱንም በቅጡ አልችልበትም። ቀና ባለች ቁጥር መርፌው ጣቴን ያገኘዋል።

ምሳ ሰዓት ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ ይጠረግና ካርታ እንጫወታለን። እሷን ያሸነፈ የለም። አንድ ቀን ምላሴ እኔን ሳያማክር፣

«ካሸነፍኩሽ እሁድ ያንን ፊልም አብረን እናያለን» አለ።

ካውያዋን አስቀመጠች። «ካሸነፍኩህስ?»

«ሁለተኛ አላነሳውም።»

«የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው» አልኩ። አፌን በሰፋሁት!

«እንግዲያው ነገ። እንዳትቀር።»

ሰው ሲወጣ ቀረሁና ከኮቴ እጅጌ ገበር ሥር ትንሽ ኪስ ሰፋሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ኪስ ነው፤ ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። ከካርታው አንዱን ጆከር መዝዤ ከተትኩበት። ከዚያም ለትልቁ ቀን ኮቴ ይመርልኝ ብዬ ከሚተኮሱት ልብሶች ጋር ሰቀልኩት።

አዎ፣ ከሚተኮሱት ጋር። ማን እንደሚተኩሳቸው ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን አላወቅኩም።

በነጋታው ኮቱ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። ኪሱን ዳበስኩት፤ ካርታው አለ። ዕድሌን አመሰገንኩ።

ቀድሞ እጁን የሞላ ያሸንፋል፤ ጆከር ደግሞ የጎደለውን ካርታ ሁሉ ይተካል። እሷ አንድ ካርታ ሲጎድላት እኔም አንድ ጎደለኝ። ሠራተኛው በሙሉ ከብቦናል፤ አሠሪያችን ሳይቀር። «ያ ደግሞ ማነው?» ብዬ ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ፤ ፊልሙ ላይ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ሁሉም ዞሩ። እሷ ብቻ አልዞረችም፤ እኔን እያየች ፈገግ ብላለች። ፈገግታውን ለፍቅር ቆጠርኩት። ካርታዬን መዘዝኩና እንደ አጭበርባሪው ሳላየው ጠረጴዛው ላይ አጮልኩት።

«ጆከር!»

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጨርቅ ቆራጩ ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ወረደ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ጆከርስ ጆከር ነው፤ ባለ ቃጭል ቆቡ በቦታው አለ። ከቆቡ ሥር ግን የእኔ ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል። ቆቡ በልኬ የተሰፋ ይመስላል።

«ስፌቱ ከውጭ ያስታውቃል» አለች ተኳሿ። «የአንተ ኪስ እንኳን ካርታ መርፌ አይደብቅም።»

አሠሪያችን ሳይስቅ፣ «ኪስ አትንካ አላልኩህም?» አለኝ።

ጆሮዬ እንደ ካውያ ጋለ። ሁለተኛ አላነሳውም ብያለሁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልወጣ ስነሳ የኮት ቁልፍ የሚተክሉት እትዬ ጆከሩን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት።

«ቆይ ቆይ። አንቺ ልጅ!»

«አቤት እትዬ።»

«ይኼን ፎቶ ከየት አመጣሽው?»

ሳቁ ተቋረጠ። አምና ለሥራ መታወቂያ ፎቶ ስናስገባ የእኔ አንድ ጠፍቶ፣ አሠሪያችን እየተቆጣ እንደገና ተነሳ ብሎኝ ነበር። ፎቶዎቹን የሰበሰበችው እሷ ናት።

«መሬት ወድቆ አግኝቼው ነው» አለች።

«አምና የወደቀ ፎቶ፣ ጭረት እንኳ ሳይነካው?»

«መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬው ነዋ!»

የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው። እኔን ለማዋረድ ስትጣደፍ ፎቶው እሷንም እንደሚያሳጣ ረስታዋለች። ፊቷን አዙራ አንድ የተተኮሰ ሱሪ እንደገና መተኮስ ጀመረች።

«በቃ» አሉ እትዬ፣ «እሱ ካርታ ሰረቀ፣ አንቺ ሰውየውን ሰረቅሽ። ጨዋታው ፈርሷል። እሁድ ሂዱና እዚያው ተፋረዱ።»

 ልወጣ የተነሳሁት መልሼ ቁጭ አልኩ።

«ያን ኮት ለብሶ ከመጣ አልሄድም» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን።

እሁድ ቀኑ እሳት ነበር፤ እኔ ግን በወፍራም ሹራብ ሄድኩ፤ ከኮቱ ሌላ ደህና ልብስ የለኝም። አጭበርባሪው ካርታውን ሲመዝ አዳራሹ አጨበጨበ። እሷ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«የእጅጌው አቆራረጥ አያምርም» አለች።

እጇ የሹራቤን እጅጌ ይዟል። ለፍተሻ ይሁን ለሌላ እስካሁን አልጠየቅኳትም።