የእናቷ ሞክሼ

ሙዚየሙ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ዘበኛውም፣ ጸሐፊዋም፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀር «እመት እንቁራሪት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ሾፌሩ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት፣ አፉ በደንብ ካልታሰረ ከረጢት ያመለጡ ሁለት ጓጉንቸሮች መሪ እንደያዘ ጭኑ ላይ ዘለው የተቀመጡበት ቀን። እሷ አልተቀየመችም። ከሰው ይልቅ ከእንቁራሪት ጋር ስትውል የኖረች ሴት ምን ተብላ ልትጠራ ኖሯል?

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍሏ ከወለል እስከ ጣሪያ ብልቃጥ ነው። በየብልቃጡ አልኮል፣ በአልኮሉ ውስጥ ደግሞ ቀለሙ ጠፍቶ የነጣ እንቁራሪት። ሁሉም ሌሎች ሰዎች ያገኟቸው፣ ሌሎች ሰዎች ስም ያወጡላቸው ናቸው። የእነሱን አቧራ ስትጠርግ፣ የጎደለ አልኮል ስትሞላ፣ የሰው ስህተት ስታርም ዕድሜዋ አርባ ሰባት ሞላ። የራሴ የምትለው አንድም አልነበራትም። በዚያ ሙያ ይህ መካን እንደመሆን ነው፤ ሰው ፊት ለፊት አይናገረውም እንጂ ያውቅብሻል።

ከዚያ ምንጩን አገኘች። የከተማው ውሃ ከሚጠለፍበት ኮረብታ ላይ፣ በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ገቢ ወጪውን በመዝገብ የሚያስፈርም ዘበኛ አለ፤ ግን ገቢም ወጪም ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮውን ሲያዳምጥ ይውላል። ከአለቱ የሚፈልቀው ውሃ ሞልቶ በሚፈስበት ጥላ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ሆዷ ቢጫ የሆነ እንቁራሪት ትኖር ነበር። ሌሎቹ ሲመሽ ሲጮኹ ይህችኛዋ በቀን፣ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ነው የምትጮኸው። ድምጿ ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ የሚሰማው ዓይነት ነው። እመት እንቁራሪት ያን ድምጽ ስትሰማ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አዲስ ዘር ማግኘት ማለት አይቶ «አገኘሁ» ማለት እንዳይመስላችሁ። እስከ ዛሬ ስም ከወጣላቸው ዘመዶቿ ሁሉ የተለየች መሆኗን ማስረዳት አለ። ከአፍንጫ እስከ ቂጥ ይለካል፣ የጣት ጫፍ ስፋት ይለካል፣ ድምጽ ይቀዳል፣ ከሌሎች ሙዚየሞች ብልቃጦች ጋር ይመሳከራል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ የተወሰኑትን ገድሎ ማስቀመጥ ግድ ነው። ከተገደሉት አንዷ ተመርጣ ቀይ ክር ይታሰርላትና የስሙ ተሸካሚ ትሆናለች። እንግዲህ በዚህ ሙያ ክርስትና የሚነሳው ሬሳ ነው።

መጀመሪያ አምስት ይዛ ጻፈች። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ግን አምስት አይበቃም፣ ሴቷም የለችበትም ብለው መለሱላት። ይህ በሆነበት ወር እናቷ ወደቁ። አርባ ዓመት የሰው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴትዮ ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ቀሩ፣ ያለ ሰው እጅ ጎናቸውን እንኳ መገልበጥ አቃታቸው። ሐኪሙ ልባቸውም ደክሟል፣ ብዙ አትጠብቂ አላት። እመት እንቁራሪት ስሙን የወሰነችው ያን ቀን ከሆስፒታል ስትወጣ ነው። ተመልሳ ወደ ምንጩ ሄደች፣ ሴቶቹን ጨምራ አሥራ ሁለት አደረገች፣ በስምንት ወር ውስጥ ታተመላት። እንቁራሪቷ በእናትየዋ ስም፣ የላቲን ጅራት ተቀጥሎለት፣ ተጠራች።

እናትየዋ ግን ሐኪሙን አሳፈሩት፤ አልሞቱም። ሲነገራቸው መጀመሪያ «ወፍ አጥተሽ ነው?» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ግን የመጽሔቱ የመጀመሪያ ገጽ ከነፎቶው በራስጌያቸው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ። ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ ሳይቀመጥ ወደ ፎቶው በአገጫቸው ይጠቁሙታል፤ «ሞክሼዬን ተዋወቃት» ይሉታል። ሆዷ ከፋ፣ ዐይኗ ፈጠጠ ያለ ወዮለት። ልጃቸውንም እንደ ዘመድ ነበር የሚጠይቋት፤ ዝናብ ጣለላት ወይ፣ ወለደች ወይ፣ እባብ አይበላትም ወይ። በቀደም ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ድምጿን መስማት አማራቸው። «ፎቶ አይናገርም፤ ሳልሞት ድምጿን አሰሚኝ» አሏት። የበፊቱ ቅጂ ለመለኪያ እንጂ ለሰው ጆሮ የሚሆን አልነበረምና፣ እመት እንቁራሪት ጥሩ መቅጃ ተዋሰችና ወደ ምንጩ ወጣች። ከታተመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሥራ ሲደራረብባት አንድ ቀን እንኳ ተመልሳ አላየቻቸውም።

ዝናቡ አካፋ፣ መቅጃውን ከፈተች፣ ምንም የለም። የውሃው መውረድ ብቻ። ቅጠሉን ስትገልጥ አንዷን አገኘች፤ እግሮቿን ዘርግታ በጀርባዋ ተንጋላለች። ከእሷ አጠገብ ሌላ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ሰባት ሬሳ ለቀመች፤ ቆዳቸው በስሱ እየተላጠ ጣቷ ላይ ይቀራል።

ሬሳዎቹን ምድር ቤት ለሚሠራው ለጋሽ ሻጋታ ወሰደችለት። ጋሽ ሻጋታ የእንጉዳይና የፈንገስ ሊቅ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ ቁርሱን እንኳ ሻግቷል ወይ ብሎ በአጉሊ መነጽር የሚያይ ይባልለታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አስጠራትና ማይክሮስኮፑን ለቀቀላት። በቆዳው ውስጥ ክብ ክብ ነገር ተሰግስጓል። የውሃ ፈንገስ ነው፣ ዘመድ የለውም፣ እስከ ዛሬ ማንም ስም አላወጣለትም አላት። በሕይወቱ ዘጠኝ አዳዲስ ዘሮች ጽፏል፤ ይህ አሥረኛው ሊሆን ነው፣ እጁን በደስታ ያፋትጋል። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ነው ምን እያወራ እንደሆነ የገባው።

ልትተወው ያልቻለችው ነገር ግን ከየት መጣ የሚለው ነበር። እመት እንቁራሪት ከያዘችው እንቁራሪት ሁሉ ቆዳውን በጥጥ ጠርጋ ጥጡን በረዶ ቤት የማስቀመጥ ልማድ አላት። ጋሽ ሻጋታ የስድስት ዓመቱን ጥጥ አንድ በአንድ መረመረው። በአሥረኛው ቀን ራሱ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ፤ በዚያ ጉልበቱ ደረጃ ከወጣ ዘመን ሆኖታል። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ወንበሩን ተደገፈ።

ፈንገሱ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ቆላ፣ እሷ ጓጉንቸር የምታጠናበት የዓሣ ማርቢያ ኩሬ፤ እዚያ ያሉት ጓጉንቸሮች ተሸክመውት ይኖራሉ እንጂ አይገድላቸውም። የምንጩ ጥጦች የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ጉዞ ንጹሕ ናቸው። የኩሬው ጥጥ የተወሰደበትና ሁለተኛው የምንጩ ጉዞ የተደረገበት ቀን ግን አንድ ነው።

«ያን ቀን ከኩሬው ወደ ምንጩ የሄደ ማነው?» አላት። መልሱን እያወቀ ነው የጠየቀው፤ ግን መጠየቅ ነበረበት።

«እኔ።»

ትዝ አላት፤ ቀድሞውንም አልረሳችውም ነበር። መኪናው የተሰጣት ለሁለት ቀን ነበረና ጠዋት የኩሬውን ሥራ ጨርሳ ከሰዓት ምንጩ ጋ ደረሰች። ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ ሲኬድ ቦቲ ጫማውም መረቡም በበረኪና ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ይህን ለተማሪ የምታስተምረው እሷ ናት፤ በሯ ላይ የተለጠፈውን ማሳሰቢያ የጻፈችው እሷ ናት። ሾፌሩ የበረኪናውን ጀሪካን አንስቶ «እመት፣ ቦቲሽን አታጥቢም?» ብሏት ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ ካመለጣት ድምጽ የለም፣ ድምጽ ከሌለ ድምጽ ተከትለው የሚመጡት ሴቶቹ አይገኙም፣ ሴቶቹ ካልተገኙ ጽሑፉ ይዘገያል፣ እናቷ ደግሞ እየሞቱ ነው። «ስመለስ አጥበዋለሁ» ብላው ሮጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእሷ ፍሳሽ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ጋሽ ሻጋታ ደግ ሰው ነው። ወፍም በእግሩ ያመጣዋል አለ። የመጣበት መንገድ በእርግጠኝነት አልታወቀም ብለን እንጽፋለን፣ ይህ ውሸት አይደለም አላት። መጀመሪያ ሄጄ ልስማ አለችው። አንዲት እንኳ ከጮኸች፣ አንድ ጥንድ እንኳ ከተረፈ፣ ይዛ አውጥታ በመድኃኒት አጥባ በመስታወት ሳጥን ልታራባ አሰበች። እዚያች አንዲት ላይ ተንጠለጠለች።

አምስት ቀን ተቀመጠች። ከመግባቷ በፊት ቦቲዋን ሦስት ጊዜ በበረኪና አጠበች፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለ ሾፌሩ በልቡ፣ በአፉ ግን ምንም አላለም። ዘበኛው መዝገቡን ዘረጋላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ግቢው የገባ ሰው ፊርማ አንድ ገጽ አልሞላም፤ ከላይ እስከ ታች የራሷ ነው። ከአምስቱ ቀን አራቱን ዘነበ። ካፊያው ሲጀምር ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች፣ ዶፉ ሲመጣ ትተነፍሳለች። እነዚያ ሁሉ ድምጾች የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ።

በአምስተኛው ቀን ጠፍጣፋ ድንጋይ ስታነሳ አንዲት አገኘች፤ በሕይወት አለች። ሴት ናት፤ በሆዷ ስስ ቆዳ ውስጥ እንቁላሎቿ ይታያሉ። ስትነካት አልዘለለችም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንዳታንገላታት ቀስ እያለች፣ ወደ በሩ መውረድ ጀመረች። በሩ ሳይደርሱ ሞተች። እመት እንቁራሪት የምታደርገው ጠፍቷት መንገዱ መሐል ቆመች፤ እጇ ግን ሥራውን ያውቃልና ከኪሷ ክርና ቁጥር አውጥቶ የእንቁራሪቷ እግር ላይ አሰረ። ያን ጊዜ ነው ጮክ ብላ ያለቀሰችው። ዘበኛው ሬዲዮውን ዘጋ።

ሰኞ ዕለት ቢሮዋ ገብታ ዓረፍተ ነገሩን ጻፈችው፤ ፈንገሱ ወደ ምንጩ የገባው ባልታጠበ የአጥኚዋ ቦቲ ነው፣ አጥኚዋም እኔ ነኝ። ጋሽ ሻጋታ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ላይ የሚጽፍ የለም አላት። እሷም ማንም ስለማይጽፍ እኮ ነው እስካሁን ስንዋሽ የኖርነው አለችው። ከዚያ ወዲያ አልተከራከራትም፤ ወደ መጽሔቱ ላኩት።

ሲታተም ሰው ማውራቱ አይቀርም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እናቷ ከጠያቂ አፍ ከሚሰሙት ከእሷ ቢሰሙት ይሻላል ብላ፣ አንድ ጠዋት ገላቸውን በፎጣ ጠርጋ ልብስ ከቀየረችላቸው በኋላ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበች።

«ድምጿን አመጣሽልኝ?» አሉ እናትየዋ።

ነገረቻቸው። አላሳጠረችውም፤ ኩሬውን፣ ቦቲውን፣ ጀሪካኑን፣ መንገድ ላይ የሞተችውን ሳይቀር። እናትየዋ ሲሰሙ ጣቶቻቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ እንደ ልብስ ዝምዝማት እየዳሰሱ ነበር።

«መታጠብ እንዳለበት አታውቂም ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ቸኮልኩ። ሳትሞቺ ስምሽን እንድታይው ብዬ።»

ከውጭ የጎረቤት ሴትዮ ባልዲ ስትጎትት ይሰማል።

«በእኔ አታሳብቢ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ስም ስጪኝ አላልኩሽም። የነበረኝ ይበቃኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ አንሺልኝ። ስሜን ከሷ ላይ አንሺልኝ። ሬሳ ላይ አልፈልገውም። አርባ ዓመት ስሰፋ ስንቱን አበላሽቼ ፈትቼዋለሁ፤ ፍቺው።»

«አይፈታም፣ እማ። አንዴ ከታተመ ማንም አያነሳውም፤ የሙያው ሕግ ነው። እኔም አልችልም።»

«ጠፍታም?»

«ጠፍታም። አንቺም እኔም ካለፍን በኋላ፣ ስሟ ያው ነው።»

እናትየዋ ዐይናቸውን ከደኑ። የቀኝ ክንዳቸውን አንስተው ራሳቸውን ለማዞር ሞከሩ፤ ዳሌያቸው አልታዘዝ አላቸው። ሁለተኛም ሞከሩ። ልጃቸው ልትረዳቸው እጇን ዘረጋችና ይፈቅዱላት እንደሆነ ስላላወቀች መልሳ ሰበሰበችው።

«አዙሪኝ» አሉ።

«ወዴት?»

በአገጫቸው ወደ ባዶው ግድግዳ ጠቆሙ፤ እሷ ከተቀመጠችበት በተቃራኒ። አንድ እጇን ከትከሻቸው፣ አንዱን ከወገባቸው ሥር አስገባች፣ እንዳያማቸው በቀስታ አዞረቻቸው። ተመልሰው ወደ እሷ እንዳይገለበጡ ጀርባቸው ላይ ትራስ ደገፈችላቸው።